«ምን ትፈልጊያለሽ?» የተባሉት እትዬ እልፍነሽ

አንድን ነገር ከመተረኬ በፊት በነገሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ በስም መጥራት እወዳለሁ። እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ ገና ወንበር ሳይሰጠው ወሬ ቢጀመርበት እንደሚጨነቅ ሁሉ፣ አንባቢም ማን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነገር መሐል ቢጣል ደስ አይለውም። ስለዚህ አረፍ በሉልኝ፤ እነሆ ሰዎቹ።

መጀመሪያ እትዬ እልፍነሽ። በሱዳን በኩል ወደ ስዊድን ተሰድደው መጥተው ስቶክሆልም ዳርቻ ኖርስቦሪ፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ቀዩ መስመር በሚያልቅበት ሰፈር፣ የከተሙ ሴት ናቸው። ሃምሳን ተሻግረዋል። ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ሲሠሩ እጅጌያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሻርሆልመን በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ለአራት ዓመት በቪካሪነት አገልግለዋል። ቪካሪ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሌላው ሠራተኛ ሲታመም፣ ሲወልድ፣ ወይም በጋው ገባልኝ ብሎ ወደ ደሴቶቹ ሲሄድ በስልክ ተጠርቶ የሚተካ፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ ነገ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ለራሱም የማይነገረው ሰው ነው።

ሁለተኛዋ ብርጊታ ናት፤ የዚያ ቤት ኃላፊ። «ናት» ማለቴ ንቀት አይምሰላችሁ፤ በዚህ አገር ሚኒስትሩም የጽዳት ሠራተኛውም አንተና አንቺ ነው፤ እኔም እስክለምደው ድረስ ምላሴ ብዙ ጊዜ ተሰናክሏል። ብርጊታ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ካንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው የምትጣደፍ፣ ክፉ የማትባል ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጉዳዩ ይቀልለን ነበር።

ሦስተኛው ላርስ ነው። በዘሬ ወይም በመጣሁበት አገር ምክንያት ተገፋሁ የሚል ሰው አቤት በሚልበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ጉዳያችንን የያዘው የሕግ ባለሙያ። ረጅምና ትዕግሥተኛ ነው፤ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ከጨረሰም በኋላ ጥቂት ይጠብቃል።

አራተኛው ጋሼ ተክሉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። በደቡብ ስቶክሆልም እሳቸው ያላስታረቁት የአበሻ ባልና ሚስት ካለ ገና ያልተጋባ ነው።

አምስተኛዋ እኔ፣ ሰብለ። አስተዳደር ተምሬ ኪስታ ባለ አንድ ድርጅት መዝገብ ክፍል የምሠራ፣ እርሳሶቼን በቁመታቸው የምደረድር ሴት ነኝ። በዚህ ጉዳይ የእኔ ድርሻ ሁሉን ነገር መልክ ማስያዝ ነበር። ምን ያህል እንደተሳካልኝ ታያላችሁ።

እንግዲህ እኔ እስካየሁት ድረስ አገር ሁለት ዓይነት ነው። በአንዱ የተበደለ ሰው «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በሌላው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ተበዳይ መበደሉን ይናገራል እንጂ ካሳውን በራሱ አንደበት አይጠራም፤ ከጠራማ ነገሩ ከሽምግልና ወርዶ ገበያ ይሆናል። ይልቁንስ አንገቱን ደፋ አድርጎ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ይላል። ይህች አነጋገር ስትታይ ትሕትና ናት፤ ስትመዘን ግን ከማንኛውም ክስ ትከብዳለች። ምክንያቱም ሰሚዎቹ ማፈር አለባቸው፤ ካፈሩ ደግሞ ተበዳዩ ሊጠይቅ ከሚደፍረው በላይ ይፈርዱለታል። ሁሉም ሰው በእኩል እስካፈረ ድረስ ግሩም አሠራር ነው። ችግር የሚመጣው ማፈር ያለበት ወገን ይህንን ያልሰማ እንደሆነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ሲገባደዱ ነው። እትዬ እልፍነሽ በሚሠሩበት ቤት ሁለት ቋሚ የቀን ሥራ ቦታዎች ወጡ፤ እኛ እዚህ «ፋስት» የምንለው መሆኑ ነው። እሳቸውም አመለከቱ። ፋስት ለእሳቸው የደመወዝ ነገር ብቻ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ ስልካቸውን እንዴት እንደሚጠብቁት አይቻለሁ። ሲታጠቡ የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ ያደርጋሉ። ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ደረጃውን በሩጫ ነው። የሐኪም ቀጠሮ አይዙም፤ ለዝማሬ ልምምድ ቃል አይገቡም፤ እኔ ሻይ እየጠጣሁ እሳቸው ዓይናቸውን ከስልኩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ስልኩ ያመላልሱታል። ከዚያ ቤት ስወጣ እኔም ራሴ መቀመጥ አቃተኝ፤ ባቡር ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ ሄድኩ።

ሁለቱም ቦታዎች ለሌሎች ተሰጡ፤ ከእትዬ እልፍነሽ በብዙ ዘግይተው ለመጡ ሁለት ወጣት ስዊድናውያን። ሥራውን ያለማመዷቸውም ራሳቸው እትዬ እልፍነሽ ነበሩ። ምነው ብለው ቢጠይቋት ብርጊታ እንዲህ አለቻቸው፦ «ነዋሪዎቻችን አርጅተዋል፤ የአንቺን አነጋገር መስማት ይከብዳቸዋል።» አራት ዓመት ሙሉ ሲመገቡ፣ ሲለብሱ፣ በየምሽቱ «ደኅና እደሩ» ሲባሉ ያልከበዳቸው አነጋገር፣ ልክ ቋሚ ሊሆን ሲል ከበዳቸው።

እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ አረረ፤ ሲያርር ደግሞ እጄ ብዕር ይፈልጋል። እትዬ እልፍነሽ የሠራተኛ ማኅበር አባል ስላልነበሩ በቀጥታ ወደ ላርስ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ፈሩ። «ሴትዮዋን እንጀራዋን ላሳጣት ነው እንዴ?» ይሉኛል። የእሳቸው እንጀራ በስልክ ሽቦ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚጨነቁት ለእሷ ነው። ላርስ አቤቱታውን መርምሮ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሁለቱ ወገኖች በእሱ ፊት ተገናኝተው ቢስማሙ ደስ እንደሚለው አስታወቀን።

«ቢስማሙ» የሚለው ቃል ጋሼ ተክሉ ጆሮ ደረሰ።

ጋሼ ተክሉ «መንግሥት ከመግባቱ በፊት እኛ እንግባ» አሉና ለማንም ሳይናገሩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሻርሆልመን ወረዱ። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራባት፣ ጥቁር ባርኔጣ። ገብተው ወንበር ሲቀርብላቸው እንደ ወጉ «አንቀመጥም» ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ። ለእኛ ይህ ግልጽ ነው፤ የመጣንበት ጉዳይ እሺታ ካላገኘ አንቀመጥም ማለት ነው። ነገር ግን በአረጋውያን መኖሪያ በር ላይ ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ዝም ብለው ሲቆሙ፣ ቤተኛው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ። አንዲት በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አሮጊት «የማን ተራ ነው?» ብለው ጠየቁ ይባላል። ብርጊታም ስትሮጥ መጥታ «እኛ ዘንድ ማንም አልሞተም» ብላ ሸኘቻቸው።

በማግሥቱ ስለ እትዬ እልፍነሽ ጉዳይ የመጡ መሆናቸውን ስትደርስበት ግን አልሳቀችም። ሊያስፈራሩኝ ሰዎች ተላኩብኝ ስትል ለላርስ ደወለች፤ ላርስ ለእኔ ደወለ፤ እኔም የምሳ ሰዓቴን ሙሉ በኪስታ መተላለፊያ እየተንጎራደድኩ፣ በእኛ ባህል የማይቀመጥ ሽማግሌ የሚያስፈራራ ሳይሆን የሚለምን ሽማግሌ እንደሆነ አስረዳሁት። ላርስ እስክጨርስ ጠበቀ። ከጨረስኩም በኋላ ጥቂት ጠበቀ። «አስደሳች ነው» አለ። ስዊድናዊ አስደሳች ነው ሲላችሁ ደስ አትሰኙ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በእጄ አደረግሁት። አቤቱታውን፣ የሥራ ምስክር ወረቀቶቹን፣ የሥራ ማስታወቂያውን እያንዳንዱን ለየብቻው በቀለም ከፋፍዬ አንድ ማኅደር አዘጋጀሁ። እትዬ እልፍነሽንም ወጥ ቤታቸው ውስጥ አስቀምጬ አለማመድኳቸው። እኔ ላርስን ሆንኩ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» እላለሁ። እሳቸውም «ቋሚ የቀን ሥራ፣ በሙሉ ሰዓት፤ አድልዎ መፈጸሙም ይታመንልኝ» ይላሉ፣ አፋቸውን ሞልተው፣ ባማረ ስዊድንኛ። ደጋግመን ሠራነው። ፈተና ቢሆን ኖሮ ከፍተኛውን ማርክ እሰጣቸው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ መሐል ከተማ ነው፤ ክፍሉ ነጭ፣ ጠረጴዛው ክብ፣ ውሃው ቀዝቃዛ። እኔ ገና በር ሳይከፈት ደርሼ እግረኛ መንገዱ ላይ ስመላለስ ቆየሁ። ብርጊታ ብቻዋን መጣች፤ ድርጅቱ ወክሏት ነው። ጋሼ ተክሉ ከእኔ ጋር በደጋፊነት ገቡ፤ ላርስ ጥቁር ሱፋቸውን አየት አድርጎ ምንም አላለም። ሥርዓቱን ካስረዳ በኋላ ወደ እትዬ እልፍነሽ ዞረ።

«እልፍነሽ፣ ከዚህ ድርድር ምን ማግኘት ትፈልጊያለሽ?»

እትዬ እልፍነሽ ጠረጴዛውን አዩ። ብርጊታን በዓይናቸው ጫፍ አዩ። እንደገና ጠረጴዛውን አዩ።

«ምንም አልፈልግም» አሉ። «እናንተ ያላችሁት ይሁን።»

ማኅደሬ ከጉልበቴ ላይ ተንሸራተተ። ላርስ እንደ ልማዱ ጠበቀ፤ የሚጨመር ነገር ሲያጣ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር አቀረበው። እትዬ እልፍነሽ ቀና ሳይሉ «ብርጊታ ጥሩ ሰው ናት» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቃቸው። «እናንተ ታውቃላችሁ» አሉት።

ላርስ ጻፈ። ከተቀመጥኩበት ተገልብጦ ማንበብ ቻልኩ፦ አቤቱታ አቅራቢዋ የምትጠይቀው ነገር የለም።

ብርጊታ ትንፋሿን ለቀቀች። «እንግዲያው አለመግባባቱ ተፈታ ማለት ነው?» አለች፤ በፌዝ ሳይሆን በእውነት ተገርማ።

እኔ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ተነሣሁ። «ልናገር?» ብል ላርስ በትሕትና አስቀመጠኝ። «አንቺ ደጋፊ ነሽ እንጂ ወኪል አይደለሽም። ጥያቄው ከእሷ መምጣት አለበት።» ልክ ነበር። ደንብ ስወድ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ሲቆረጥመኝ ተሰማኝ። ቢያንስ የአምስት ደቂቃ ዕረፍት ይሰጠን አልኩ፤ ተሰጠን።

ወደ መተላለፊያው ወጣን። «እትዬ እልፍነሽ፣ ባለፈው ቅዳሜ እኮ አንድ ሳያስቀሩ ብለውልኝ ነበር።»

«ለአንቺ ነዋ ያልኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሴትዮዋ ተቀምጣለች። በደለችኝ ብዬ መጥቼ፣ መልሼ ፊቷ ላይ እጄን ዘርግቼ ሥራ ስጪኝ ልበላት?»

«ልመና አይደለም፤ መብትዎ ነው።»

«መብቴ ከሆነ ምን አስጠየቃቸው? ሁሉም እኮ ተጽፎ በእጃቸው ነው።»

የመተላለፊያው መብራት ሰዓቱ ደርሶ ጠፋ። ግድግዳውን ዳብሼ አበራሁት። ጋሼ ተክሉ ባርኔጣቸውን እያገላበጡ ቆመዋል።

«ጥፋቱ የአቀማመጡ ነው» አሉ። «በዳይና ተበዳይ ተፋጠው ተቀምጠው ማን ሲታረቅ አይታችኋል? ሁለቱም ይውጡና እኛ እንነጋገር።»

«ጋሼ፣ ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው እኮ። ደንብ አለው።»

«የእኔስ ደንብ አይደለም እንዴ? ከዚህ መንግሥት በፊት የነበረ ደንብ ነው።»

ልመልስላቸው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ነገሩ የበራልኝ። የጋሼ ተክሉ ደንብ ወደ ላርስ ደንብ ሲገለበጥ ስም ነበረው፦ ውክልና። እዚያው መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ወረቀት አስደግፌ፣ እልፍነሽ እከሌ ስለ ጥያቄያቸው እንድንናገር ለእኔና ለጋሼ ተክሉ ሥልጣን ሰጥተዋል ብዬ ጻፍኩ። እትዬ እልፍነሽ ሳያመነቱ ፈረሙ። «ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ።

ላርስ ወረቀቱን አነበበ። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ እንዲሆኑ መጠየቃችንን ሰማ። «ይህ ይቻላል» አለ፤ ያን ጊዜ ላቅፈው ትንሽ ነው የቀረኝ። እትዬ እልፍነሽ ወጡ። ብርጊታም የምትደውልበት ጉዳይ አለኝ ብላ ተንቀሳቃሽ ስልኳን ይዛ ተከተለቻቸው። መሥሪያ ቤቱ ያለው ደግሞ አንድ መተላለፊያ ብቻ ነበር።

ውስጥ ጋሼ ተክሉ ቆሙ። ላርስ ወንበሩን አመለከታቸው፤ አልቀመጥም አሉ። ላርስም የጨዋ ልጅ ነውና ሽማግሌ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ አልወደደም፤ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። እንግዲህ ሦስት ሰዎች አምስት ወንበር ከብበን ቆመን መደራደር ጀመርን። ጋሼ ተክሉ የእትዬ እልፍነሽን አባት ደግነት፣ የስደታቸውን መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚበሉበትንና የሚያበሉበትን ማዕድ አንሥተው በአማርኛ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ እኔ «ቋሚ የቀን ሥራ፣ ሙሉ ሰዓት፣ አድልዎ መፈጸሙ ይታመን» ብዬ ተረጎምኩት። ላርስ እኔንም እሳቸውንም አየን። «ያን ሁሉ ሲሉ ይህን ብቻ ነው ያሉት?» አለ።

«ቀሪው የተባለበት ምክንያት ነው» አልኩት።

በዚህ መሐል የብርጊታ ድምፅ በክፍሉ የመስታወት በር በኩል ተሰማን። ስልኳን ዘግታ፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ እንዳለ፣ ለአራት ዓመት እንደለመደችው አጠገቧ ወደቆሙት እትዬ እልፍነሽ ዞረች።

«ሁለት ሰው ቀሩብኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መግባት ትችያለሽ?»

ብርጊታ ያለችውን ራሷ የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ይመስለኛል፤ አንገቷ ላይ ቅላት ሲወጣ በመስታወቱ አየሁ። ላርስም አየ፤ ብዕሩን ግን አላነሣም። እኔ በልቤ እምቢ ይበሉ፣ እምቢ ይበሉ እያልኩ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጫለሁ።

«እሺ፣ እችላለሁ» አሉ እትዬ እልፍነሽ። ከዚያ በዚያው በዝቅተኛ ድምፃቸው ጨመሩበት፦ «ግን መጀመሪያ እዚህ የሚሉኝን ልስማ።»

ብርጊታ በሩን ከፍታ ገባችና ተቀመጠች። ሌሎቻችን ቆመን ስታየን ግራ ገባት። «አንድ ቋሚ የቀን ቦታ መክፈት እችላለሁ፤ የሙሉ ሰዓት ሦስት አራተኛ» አለች። ተረጎምኩ። ጋሼ ተክሉ አልተቀመጡም።

«ሰውዬው ለምን አይቀመጡም?» አለች።

«ነገሩ እስኪያልቅ አይቀመጡም። የእኛ ወግ ነው።»

ብርጊታ ጥቂት አሰበች። «ያን ቀን ሻርሆልመንም እንዲሁ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር።»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ ሦስቱንም አባረርኳቸው» አለች፤ ቀጥላም ወደ ጋሼ ተክሉ ቀና ብላ «ሙሉ ሰዓት ይሁን» አለች።

ያለቀ መሰላችሁ? ለእኔ ገና መጀመሩ ነበር። አድልዎ መፈጸሙን የምታምንበት ዓረፍተ ነገር ይግባልን ስላት ፊቷ ጠነከረ። «እኔ ዘረኛ አይደለሁም። ሥራውን እሰጣለሁ፤ ያንን ግን አልፈርምም።» ላርስ ድርጅቱን ፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚቻል፣ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ገና ያልተፈተነ በመሆኑ መርታትም መረታትም እንዳለ፣ ያ ሁሉ እስኪሆን ሥራው እንደሚዘገይ አስረዳ። እኔ ግን ቃሉ ካልተጻፈ ነገሩ እንዳልሆነ ይቆጠራል፣ ነገ በሌላዋ ላይ ይደገማል ባይ ነኝ። አሁንም እንዲህ ባይ ነኝ። ውሃ ቀዳሁ፤ ሳልጠጣ አስቀመጥኩት፤ እንደገና ቀዳሁ። በመጨረሻ የባለጉዳይዋ ፈቃድ ይጠየቅ ተባለና እትዬ እልፍነሽ ተጠሩ።

«ሥራውን ሰጥታለች፤ በደሌን ግን አልጽፍም ብላለች» አልኳቸው። «ፍርድ ቤት ሄደን ማስጻፍ እንችላለን። ብቻ ጊዜ ይወስዳል።»

«ጽሑፉን ወስጄ ምን ላደርገው ነው ልጄ?»

«እውነት ነዋ።»

«እውነትነቱን እሷም ታውቀዋለች። አሁን እዚያ ውጭ ስትደነግጥ አየኋት።» መለስ ብለው ብርጊታን አዩ። «እኔ ከእሷ ጋር ነገ በአንድ ክፍል ነው የምውለው። አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ ኪስታ ትሄጃለሽ።»

ይህ አባባላቸው ለቀናት አላስተኛኝም፤ ያን ዕለት ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬን ላርስ እንደ ስምምነት መዘገበው። በእሱ ደንብ ዝም ማለት እሺ ማለት ይሁን አይሁን ልጠይቀው አስቤ ተውኩት።

ስምምነቱን ጽፎ አነበበልን። ብርጊታ ፈረመች። እትዬ እልፍነሽ ፈረሙ። ጋሼ ተክሉ የሚፈርሙበት ቦታ ባይኖርም ከታች ጠርዙ ላይ ፈረሙና፣ ሁለቱ ሴቶች ቆመው እንዲጨባበጡ አዝዘው፣ ሲጨባበጡ አይተው፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ተቀመጡ። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥርዓት የምትወድን ሴት ያስተማሯት ነገር ቢኖር አንዱ ከሌላው መከተል እንዳለበት ነው፤ እዚህ ምንም ከምንም አይከተልም። ቢሆንም ተቀበልኩት፤ ሁላችንም ተቀበልነው። ውሳኔው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ብርጊታ ማንንም አልበደለችም፤ እልፍነሽ ምንም አልጠየቁም፤ ስለዚህ ቋሚው የቀን ሥራ፣ በሙሉ ሰዓት፣ ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የእሳቸው ነው።